መልቀሚያው ለክራሩ ወይስ ክራሩ ለመልቀሚያው?

የጊታር «ፒክአፕ»ን ለባህል መሣሪያችን ስለማስማማት

ክራር ከሕዝባችን ኑሮ ጋር አብሮ የኖረ የሙዚቃ መሣሪያ መሆኑ አሌ የማይባል ሐቅ ነው። የተበጀው ግን ለእልፍኝና ለደጅ፣ ከቦ ለሚቀመጥ ጥቂት አድማጭ ነው። አሥር ሃያ ሰው ሲያዳምጠው ልብ ይሰርቃል። ከበሮ፣ ሳክስፎንና ኦርጋን በተሰለፉበት መድረክ ላይ፣ አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ፊት ሲቀርብ ግን የክራረኛው ጣቶች ሲመላለሱ ይታያሉ እንጂ ድምፁ አይሰማም። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንዲሉ፣ የቅኝት ባለጸጋ የሆነው መሣሪያ በገዛ አገሩ መድረክ ላይ ድምፅ አጥቶ ይቀመጣል። ከዚህም የተነሳ ስንቱ የኪነት ቡድን ክራሩን ከግድግዳ ሰቅሎ ጊታር አንስቷል።

ለዚህ ችግር ከተገኙት መፍትሔዎች ዋነኛው በሙዚቀኞች ዘንድ «ፒክአፕ» እየተባለ የሚጠራው የድምፅ መልቀሚያ ነው። ስሙን ሲሰማ የጭነት መኪና ትዝ የሚለው አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም፤ እኛ የምንናገረው ግን በኤሌክትሪክ ጊታር ደረት ላይ ከክሮቹ ሥር ስለምትቀመጠው፣ ከክብሪት ቀፎ ብዙም ስለማትበልጠው ዕቃ ነው። ይህችን ዕቃ ከተሰበረ ጊታር ላይ ነቅሎ በክራር ላይ መትከል ዛሬ ለማንም እጀ ብልህ የሚገድ ሥራ አይደለም። የሚያሳስበው የአተካከሉ ነገር ነው። መልቀሚያውን ለማስቀመጥ ሲባል ቆዳው የተቀደደ፣ ገበቴው የተሰረሰረ፣ ብርኩማው የተነቀለ ክራር ማየት አዲስ አይደለም። የተቆረጠ ገበቴ አይመለስም። መልቀሚያ ግን ቢበላሽ ሌላ ይገዛል። እንግዲህ ከሁለቱ ማን ለማን መስማማት እንዳለበት አስቀድሞ መወሰን ያሻል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም መልቀሚያውን ለክራሩ እንዴት ማስማማት እንደሚቻል፣ ያውም ክራሩ ሳይጎዳ፣ በቅደም ተከተል ማሳየት ነው።

ነገሩ ከየት ተነሳ?

የድምፅ መልቀሚያ የተወለደው ከዚሁ ካለመሰማት ችግር ነው። በአሜሪካ የሃዋይ ጊታር ይጫወት የነበረው ጆርጅ ቦሻም በትልልቅ የሙዚቃ ጓዶች መካከል ድምፁ እየተዋጠ ቢያስቸግረው፣ በ1931 ከአዶልፍ ሪከንባከር ጋር ሆኖ ከአሉሚኒየም የተሠራ፣ በቅርጹ ምክንያት «መጥበሻ» የሚል ቅጽል የወጣለትን የኤሌክትሪክ ጊታር አበጀ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የፈጠራ ባለቤትነት መብቱንም በ1937 አገኘ። ጊብሰን የተባለው ድርጅት በ1936 ኢ-ኤስ 150 የተባለውን ጊታር አወጣ፤ ፌንደር ደግሞ በ1954 ስትራቶካስተርን ለገበያ አቀረበ። ዛሬ በየሱቁ ከምናገኛቸው ርካሽ ጊታሮች አብዛኞቹ የዚህን የመጨረሻውን ቅርጽና ባለ አንድ ጥቅልል መልቀሚያ የኮረጁ ናቸው።

በአገራችንም ክራርን ከእልፍኝ ወደ መድረክ ለማውጣት የተደረገው ጥረት ረጅም ታሪክ አለው። ከክራር ስመ ጥሮች አንዱ የሆነው ካሣ ተሰማ የክብር ዘበኛ ወታደር እንደነበረ የሠራዊቱ አባላት በኩራት የሚያነሱት ነው። በ1963 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሃሊም ኤል ዳብ የተባለው ግብጻዊ የሙዚቃ ደራሲ ያቋቋመው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ክራርን፣ በገናን፣ ማሲንቆንና ዋሽንትን በአንድ መድረክ አሰልፏል። ከዚያም ወዲህ በአዲስ አበባም ሆነ በአስመራ ክራር ከኤሌክትሪክ ጋር ተጋብቶ ከዘመናዊ ባንዶች ጋር መሰለፍ ችሏል። በለንደን የተቋቋመውና በክራረኛው ተመስገን ዘለቀ የሚመራው ክራር ኮሌክቲቭ የተባለ ቡድን በ2012 ባሳተመው አልበሙ ጥቂት ሰዎች ኤሌክትሪክ ክራር ይዘው ትልቅ አዳራሽ ሊሞሉ እንደሚችሉ ለውጭው ዓለም አሳይቷል። ስለዚህ ክራርና ኤሌክትሪክ ይጋባሉ ወይ የሚለው ጥያቄ ካደረ ውሎ አድሯል። የቀረው ጋብቻውን በወጉ መፈጸም ነው።

መልቀሚያው ምን ይሠራል?

መልቀሚያው በውስጡ ሁለት ነገር ብቻ ነው ያለው፤ ማግኔትና የመዳብ ሽቦ ጥቅልል። ሽቦው ውፍረቱ 0.063 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ማለትም ከራስ ፀጉር ጋር የሚቀራረብ ሲሆን፣ በባለ አንድ ጥቅልል መልቀሚያ ላይ ወደ 8,000 ጊዜ ያህል ይጠመጠማል። ማግኔቱ በላዩ የተዘረጋውን የብረት ክር ራሱ በጥቂቱ ማግኔት ያደርገዋል። ክሩ ሲመታና ሲርገበገብ በጥቅልሉ ውስጥ የሚያልፈው የማግኔት ኃይል ይዋዥቃል፤ መዋዠቁም በሽቦው ውስጥ ደካማ የኤሌክትሪክ ግፊት ይፈጥራል። እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዴይ በ1831 የደረሰበት የተፈጥሮ ሕግ ይኸው ነው። ማጉያው፣ ማለትም አምፕሊፋየሩ፣ ይህን ደካማ ግፊት አበርትቶ ወደ ድምፅ ማጉያ ሳጥኑ ይልከዋል።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ መልቀሚያው አየርን አይሰማም፤ የሚሰማው የብረትን እንቅስቃሴ ብቻ ነው። ስለሆነም ክሩ ጅማት ወይም ናይለን ከሆነ የቱንም ያህል ውድ የሆነ መልቀሚያ ቢተከልበት ትንፍሽ አይልም። ሁለተኛ፣ የክራሩ ቆዳና ገበቴ ለድምፁ የሚሰጡትን ለዛ መልቀሚያው ሙሉ በሙሉ አያገኘውም። ክራረኛው ይህን አውቆ መነሳት ይኖርበታል።

ሁለቱ ቅኝቶች

በወታደር ቤት ቅኝት ሲባል ወገን ከመንቀሳቀሱ በፊት መሬቱን አይቶና ለክቶ መመለስ ነው። በክራር ቤት ደግሞ ክሮቹን በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰል ወይም በአንቺ ሆዬ ማስማማት ነው። በዚህ ሥራ ሁለቱም ቅኝቶች ያስፈልጋሉ፤ የወታደሩም ይቀድማል። መሰርሰሪያ ከመነሳቱ በፊት ማስመሪያና እርሳስ ይነሳ። የሚለኩትም አራት ናቸው፤ ከብርኩማው እስከ ቀንበሩ ያለው የክር ርዝመት፣ መልቀሚያው ሊያርፍበት በታሰበው ቦታ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ክር ያለው ስፋት፣ ከቆዳው እስከ ክሩ ያለው ከፍታ፣ እንዲሁም የመልቀሚያው የራሱ ቁመት።

መልቀሚያውም ቢሆን አስቀድሞ መመርመር አለበት። ሁለቱን ሽቦዎች በቴስተር ሲለኩ ከ5 እስከ 10 ኪሎ ኦም ያህል ካሳየ ጤነኛ ነው። ቴስተሩ ምንም ካላነበበ ሽቦው ተቆርጧል ማለት ነው። ቁርጡ ከጥቅልሉ ውጭኛ ጫፍ ከሆነ ጥቂት ዙር ፈትቶ እንደገና በእርሳስ መበየድ ይቻላል። ከስምንት ሺህ ዙር አምስትና አሥር ቢጎድል በድምፁ ላይ የሚያመጣው ለውጥ የለም።

ስለ ክሩ

የብረት ክር ለመጠቀም ሲወሰን የኤሌክትሪክ ጊታር ክር መምረጥ ይገባል። ለሳጥን ጊታር የሚሸጠው በነሐስ የተጠመጠመ ክር ከውስጥ ያለው ብረት ብቻ ስለሚሰማ በማግኔት መልቀሚያ ላይ ድምፁ ይደክማል።

«የብረት ክር ክራሩን ይሰብረዋል» የሚል ስጋት በባለሙያዎች ዘንድ አለ። ስጋቱ ከንቱ አይደለም፤ ሆኖም በልክ ሊታይ ይገባዋል። መካከለኛ ውፍረት ያለው የስድስት ክር ስብስብ በጊታር ላይ በጠቅላላው ወደ 45 ኪሎ ግራም በሚሆን ኃይል ይስባል። በአንድ ዓይነት ክርና በአንድ ዓይነት የድምፅ ከፍታ ላይ ግን ስበቱ ከርዝመቱ ካሬ ጋር አብሮ ይቀንሳል። የጊታር ክር ርዝመት ወደ 65 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ የክራሩ 45 ሳንቲ ሜትር ነው ብንል፣ በጊታር ላይ በ7 ኪሎ ግራም የሚስበው ቀጭን ክር በክራሩ ላይ በዚያው ድምፅ ሲቃኝ ከ3 ኪሎ ግራም ተኩል አይበልጥም። እንግዲህ አደጋው ያለው ወፍራሙን የጊታር ክር እንዳለ አምጥቶ ከልክ በላይ በማጥበቅ ላይ ነው። የክራር ቅኝት ድምፆች አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ኦክታቭ ብዙም ስለማይወጡ፣ ስድስቱንም ክሮች ከቀጫጭኖቹ ወገን፣ ውፍረታቸው ብዙ ካልተራራቀ መምረጥ ይቻላል። የገበቴው ወይም የቀንበሩ እንጨት የተሰነጠቀ ያረጀ ክራር ግን የብረት ክር ጨርሶ አይግባበት። ለእርሱ የሚሆነውን መንገድ ወደ ኋላ እናየዋለን።

ራሶቹና ክሮቹ ሳይገጥሙ ሲቀሩ

ዋናው ችግር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በመልቀሚያው ገጽ ላይ ስድስት ክብ የብረት ራሶች ይታያሉ፤ ለእያንዳንዱ የጊታር ክር አንዳንድ መሆናቸው ነው። በስትራቶካስተር ዓይነቱ ላይ ከመጀመሪያው ራስ መሐል እስከ መጨረሻው ራስ መሐል 52 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የክራር ክሮች ግን እንደ ጊታር ጎን ለጎን ትይዩ ሆነው አይሄዱም፤ ከብርኩማው ጠበብ ብለው ተነስተው ወደ ቀንበሩ ሲሄዱ እንደ ማራገቢያ ይከፈታሉ። በመሆኑም ክሩ በራሱ ላይ ሳይሆን በሁለት ራሶች መካከል ሊያርፍ ይችላል። ያን ጊዜ አንዱ ክር ይጮኻል፣ ጎረቤቱ ይንሾካሾካል። ብዙ ሰው ብርኩማውን የሚነቅለውና ክሮቹን የሚያፈናቅለው ይህን ለማስተካከል ሲል ነው። ክራሩን ሳይነኩ ችግሩን የሚያቃልሉ ሦስት ዘዴዎች አሉ።

የመጀመሪያው መልቀሚያውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ማንቀሳቀስ ነው። ክሮቹ ስለሚከፈቱ፣ ወደ ቀንበሩ በተጠጋ ቁጥር ስፋታቸው ይጨምራልና ከራሶቹ ጋር የሚገጥሙበት ቦታ ሊገኝ ይችላል።

ሁለተኛው መልቀሚያውን ማጋደል ነው። 52 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ መልቀሚያ ከክሮቹ አንጻር በ30 ዲግሪ ሲጋደል ራሶቹ የሚሸፍኑት ስፋት ወደ 45 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። የክሮቹ ስፋት 45 ሚሊ ሜትር የሆነ ክራር ያለው ሰው እንግዲህ አንዲት ስንጥር እንጨት እንኳ መቁረጥ አያስፈልገውም ማለት ነው። በሚጋደልበትም ጊዜ የወፍራሙ ክር ጎን ከብርኩማው ራቅ፣ የቀጭኑ ጎን ቀረብ ቢል ድምፁ ይመጣጠናል።

ሦስተኛው ዘዴ በራሶቹ ላይ በርዝመት አንዲት ቀጭን የብረት ዘንግ ማስተኛት ነው። ስፋቷ 3 ሚሊ ሜትር ያህል የሆነች፣ ማግኔት የሚይዛት ተራ ብረት ትበቃለች። አሉሚኒየምና ማግኔት የማይዘው ብረት አይሆኑም። ዘንጓ የማግኔቱን ኃይል ከዳር እስከ ዳር ስለምታከፋፍለው ክሩ የትም ቢያርፍ ይሰማል። ባለ አምስት ክር ክራር ለያዘ ሰው ይህ ዘዴ እጅግ ይስማማል። ማግኔቱ ራሱ ዘንጓን ስለሚይዛት መጀመሪያ ያለ ማጣበቂያ ሞክሮ፣ ከተስማማ በኋላ ማጣበቅ ይቻላል። ካልተስማማም አንስቶ መጣል ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ሊሰመርበት ይገባል። ራሶቹን በመዶሻ ወይም በሚስማር ገፍቶ ማውጣት ወይም ማውረድ በብዙ መልቀሚያ ላይ የሞት ፍርድ ነው። በቆዩትና በውዶቹ የስትራቶካስተር መልቀሚያዎች ራሶቹ ራሳቸው ማግኔቶች ሲሆኑ፣ ሽቦው በቀጥታ በእነርሱ ላይ ተጠምጥሟል፤ ሲገፉ ሽቦውን ይልጡታል፣ ይቆርጡታልም። በርካሾቹ ላይ ግን ሽቦው የተጠመጠመው በፕላስቲክ ላይ ሲሆን፣ ማግኔቱ ከሥር እንደ ጡብ ተለጥፎ ይገኛል። ስለዚህ ለመሞከርና ለመለማመድ ርካሹ መልቀሚያ ከውዱ ይሻላል።

ስለ ቦታው

ቀጥሎ የሚነሳው ጥያቄ ከብርኩማው በምን ያህል ርቀት ይተከል የሚለው ነው። በዚህ ነጥብ ክራር ከጊታር በእጅጉ ይለያል። አንድ ክር ሲመታ በአንድ ድምፅ ብቻ አይርገበገብም፤ ከመሠረታዊው ድምፅ ጋር ሁለት እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ፣ አራት እጥፍ የሚርገበገቡ ረቂቅ ድምፆች አብረውት ይወጣሉ። ለድምፁ ቀለም የሚሰጡት እነርሱ ናቸው። ታዲያ እያንዳንዱ ረቂቅ ድምፅ በክሩ ላይ ጸጥ የሚልባቸው ነጥቦች አሉት። መልቀሚያው ከዚህ ጸጥተኛ ነጥብ ሥር ከተቀመጠ ያንን ድምፅ አይሰማውም። በክሩ እኩሌታ ላይ ቢተከል ሁለት እጥፉ፣ በሩቡ ላይ ቢተከል አራት እጥፉ ይጠፋል።

በጊታር ላይ የተጫዋቹ ጣት ክሩን እያሳጠረና እያስረዘመ ስለሚሄድ እነዚህ ነጥቦች ቦታቸውን ይለዋውጣሉ፤ ጉድለቱም አይታወቅም። በክራር ላይ ግን የግራ እጅ ጣቶች የማይፈለገውን ክር ዝም ያሰኛሉ እንጂ ርዝመቱን አይለውጡም። ክሩ ሁልጊዜ በሙሉ ርዝመቱ ስለሚመታ መልቀሚያው አንድ ጊዜ ያጣው ድምፅ ለዘለዓለም ይጠፋል። ከዚህም የተነሳ በክራር ላይ የመልቀሚያው ቦታ ከመልቀሚያው ዋጋ ይበልጣል ብንል ማጋነን አይሆንም።

የክር ርዝመቱ 45 ሳንቲ ሜትር በሆነ ክራር ላይ ከብርኩማው ከ6 እስከ 9 ሳንቲ ሜትር ያለው ክልል ለመነሻ መልካም ነው። ወደ ብርኩማው ሲጠጋ ድምፁ ይቀጥናል፣ ይሾላልም። ወደ መካከል ሲገፋ ደግሞ ይወፍራል፣ ይለሰልሳል። የትኛው ለባቲ፣ የትኛው ለትዝታ እንደሚስማማ የሚወስነው ግን የክራረኛው ጆሮ ነው። መልቀሚያውን በእጅ ይዞ በክሮቹ ሥር ቀስ እያሉ እያንሸራተቱ ማዳመጥና በእርሳስ ምልክት ማድረግ ያሻል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው እንዲህ ላለው ሥራ ነው።

ከፍታውን በሚመለከት በጊታር ላይ የተለመደው ከክሩ እስከ ራሱ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ነው። ክራር ሲገረፍ ግን ክሮቹ ሰፋ አድርገው ስለሚወዛወዙ ከ4 ሚሊ ሜትር ጀምሮ ቀስ በቀስ ማስጠጋት ይሻላል። ከልክ በላይ ከቀረበ ማግኔቱ ክሩን እየሳበ ቅኝቱን ያዛባዋል፤ ድምፁም ቶሎ ይሞታል።

ስለ አሰቃቀሉ

መልቀሚያ በቆዳ ላይ አይበሰርም፤ ይህ ሕግ ሆኖ ይያዝ። ቆዳው የክራሩ ሳንባ ነው፤ ክብደት ሲጫንበት ይታፈናል። ትክክለኛው መንገድ ከገበቴው ጠርዝ እስከ ጠርዝ እንደ ድልድይ የምትዘረጋ ጠንካራ የእንጨት ርብራብ ሠርቶ መልቀሚያውን በእርሷ ላይ ማሰር ነው። ርብራቧ ቆዳውን ሳትነካ በጠርዙ ላይ ብቻ ታርፋለች። በጠፍር ወይም በጠንካራ ሲባጎ ስለምትታሰርም አንድም ብሎን ወደ ክራሩ ገላ አይገባም። ነገ መልቀሚያው ይነሳ ቢባል በአንድ ደቂቃ ተፈትታ ክራሩ እንደ ቀድሞው ይሆናል።

ድምፁ እጅግ ከፍ በሚልበት መድረክ ላይ ባለ ቆዳ ክራር አንድ ሌላ ፈተና ይገጥመዋል። ከድምፅ ማጉያው የሚወጣው ድምፅ ተመልሶ ቆዳውን ይመታል፤ ቆዳው ክሮቹን ያናውጣል፤ መልቀሚያው ያንን ለቅሞ መልሶ ይልካል፤ በመጨረሻም ጆሮ የሚበሳ ፉጨት ይሆናል። ክራረኛው ከማጉያው ፊት ለፊት ሳይሆን ከጎን ወይም ራቅ ብሎ ቢቆም ችግሩ ይቀንሳል። ለትልልቅ መድረክ የሚሆነው ግን ከአንድ ወጥ እንጨት የተጠረበ፣ ገበቴ የሌለው ኤሌክትሪክ ክራር ነው። ለዚህ የሚሆነውን እንጨት የፈለጉትን ያህል መሰርሰር ይቻላል። አያት ያወረሱት ክራር ግን ይቆይ።

ሻማና ሰም

ፉጨቱ አንዳንድ ጊዜ ከቆዳው ሳይሆን ከመልቀሚያው ከራሱ ይመጣል። ጥቅልሉ ከላላ ሽቦው ራሱ በድምፅ ይንቀጠቀጥና እንደ ማይክሮፎን ይሆናል። ለዚህ ሕመም መድኃኒቱ በየቤታችን ያለ ነው። ስምንት እጅ ሻማና ሁለት እጅ የማር ሰም በቆርቆሮ ዕቃ ውስጥ ይቀላቀላል፤ ዕቃው ደግሞ ሙቅ ውሃ ባለበት ድስት ውስጥ ይቀመጣል። ሰሙ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ መልቀሚያው ለ20 ደቂቃ ያህል ይነከራል፤ ከጥቅልሉ የሚወጣው የአየር አረፋ ሲያቆም ወጥቶ ይጠረጋል። ሰሙን በቀጥታ እሳት ላይ መጣድ አደገኛ ነው፤ በቀላሉ ይቀጣጠላል። ሙቀቱ ከ70 ዲግሪ ካለፈም ፕላስቲኩ ይጣመማል።

ሽቦው፣ ኩርፊያውና ሕይወት

ከመልቀሚያው የሚወጡት ሁለት ሽቦዎች ወደ መሰኪያው የሚሄዱት በድምፅ መቆጣጠሪያ በኩል ነው። ለባለ አንድ ጥቅልል መልቀሚያ የተለመደው መቆጣጠሪያ 250 ኪሎ ኦም ነው። መልቀሚያው ከክሩ ሌላ ከመብራቱና ከማጉያው የሚመጣውን የ50 ሄርትዝ ኩርፊያም ይለቅማል። ይህን ለማጥፋት የጊብሰኑ መሐንዲስ ሴት ላቨር በ1955 ሁለት ጥቅልሎችን በተቃራኒ አቅጣጫ በማገናኘት ኩርፊያው እርስ በርሱ እንዲጠፋፋ አደረገ። ባለ ሁለት ጥቅልል መልቀሚያ የምንለው ይህ ነው። እርሱ ከሌለ ሽቦውን በመከለያ የተሸፈነ ማድረግና የብረት ክሮቹን ከመሰኪያው የመሬት መስመር ጋር በአንዲት ሽቦ ማገናኘት ኩርፊያውን በእጅጉ ያቃልላል።

የብረት ክሮቹ ከመሬት መስመር ጋር ከተገናኙ በኋላ ግን ክራረኛው በእጁ የያዘው የማጉያውን የብረት አካል ነው ማለት ነው። ማጉያው ቢበላሽና የግድግዳው ሶኬት የመሬት መስመር ባይኖረው 220 ቮልቱ በክሩ ላይ ይመጣል። በዚያች ቅጽበት ከንፈሩ ማይክሮፎኑን ከነካ ኤሌክትሪኩ በደረቱ በኩል መንገድ ያገኛል። በ1972 በዌልስ ስዋንሲ ከተማ የስቶን ዘ ክሮውስ ባንድ ጊታር ተጫዋች ሌስ ሃርቪ በመድረክ ላይ ሕይወቱ ያለፈው የመሬት መስመር ያልተገናኘለትን ማይክሮፎን በነካ ጊዜ ነው።

ስለዚህ የኪነት ቡድን ኃላፊዎች የሚከተለውን እንደ ጥበቃ ትእዛዝ ሊይዙት ይገባል። የማጉያው ባለ ሦስት እግር መሰኪያ የመሬት እግር አይቆረጥ። ማጉያውና የማይክሮፎኑ መሣሪያ ከአንድ የኤሌክትሪክ ምንጭ ይሳቡ። በጄኔሬተር በሚሠራበት ሰፈር የመሬት ዘንግ ይተከል። ዝግጅቱ ከመጀመሩ በፊት በቴስተር ከክራሩ ክር እስከ ማይክሮፎኑ ያለው የተለዋጭ ኤሌክትሪክ ግፊት ይለካ፤ ከጥቂት ቮልት በላይ ካሳየ ምክንያቱ እስኪገኝ ድረስ ማንም ክራሩን አይንካ። በረጠበ መድረክ ላይና በረጠበ እግርም አይጫወቱ።

ክሩ ጅማት ወይም ናይለን ሲሆን

የብረት ክር የማይችለውን አሮጌ ክራር አልረሳነውም። ለእርሱ የሚሆነው የማግኔት መልቀሚያ ሳይሆን፣ ሲጫኑት ወይም ሲንቀጠቀጥ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ቁስ ነው። ይህን ጠባይ ዣክና ፒየር ኩሪ የተባሉ ፈረንሳውያን ወንድማማቾች በ1880 ደርሰውበታል፤ «ፒየዞ» በመባል ይታወቃል። በሚጮኽ የማንቂያ ደወል ውስጥ የምትገኘው እንደ ሳንቲም ያለች ቀጭን የነሐስ ሰሌዳ ይህንኑ ሥራ ትሠራለች። ከብርኩማው እግር አጠገብ ወይም በገበቴው እንጨት ላይ በጥቂት ሰም ስትለጠፍ የክሩን ብቻ ሳይሆን የገበቴውንም ንዝረት ትሰማለች፤ ለማሲንቆም ሆነ ለበገና ታገለግላለች። ጉድለቷ ከጊታር ማጉያ ሌላ ወዳለ ተራ መሰኪያ ስትገባ ድምፅዋ እንደ ቆርቆሮ መቅጠኑ ነው። ስለሆነም የመግቢያ መከላከያው 1 ሜጋ ኦምና ከዚያ በላይ የሆነ ማጉያ ወይም ትንሽ ቅድመ ማጉያ ያስፈልጋታል።

ለማጠቃለል ያህል

ከላይ እንደተመለከተው መልቀሚያው ሊጋደል፣ ሊንሸራተት፣ ዘንግ ሊጨመርለት፣ በሰም ሊነከር፣ በርብራብ ላይ ሊታሰር ይችላል። ይህን ሁሉ የሚችለው መልቀሚያው ስለሆነ፣ መስማማት ያለበትም እርሱ ነው። በየሰፈሩና በየከተማው ባለው የኪነት ቡድን መጋዘን ውስጥ አንገታቸው የተሰበረ፣ ማገዶ ለመሆን የተቃረቡ ጊታሮች አይጠፉም፤ ከእያንዳንዳቸው ሁለትና ሦስት መልቀሚያ ይወጣል። የሬዲዮ መገናኛ ሠራተኞች ብየዳውን ያውቁታል፤ አናጢዎች ርብራቧን ይሠራሉ፤ ቦታውን የሚመርጠው ደግሞ ክራረኛው ነው። እነዚህ ሦስቱ ለአንድ ቅዳሜ ቀን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ቢቀመጡ ከግድግዳ ላይ የሚወርደው ክራር ቁጥሩ ቀላል አይሆንም። በቅድሚያ ግን የመሬት መስመሩ ይለካ፤ መጋዙም በመሣቢያው ይቆይ እንላለን።